«ሁለተኛ ዲግሪ» እና ሁለት ዲግሪ

በቋንቋችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው በታሪክ ተመርቆ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሕግ ቢመረቅ፣ ሁለት ዲግሪ አለው ይባላል እንጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለው አይባልም። «ሁለተኛ ዲግሪ» የምንለው ማስተርሱን ነው፤ «ሦስተኛ» የምንለው ዶክትሬቱን። አቆጣጠራችን ወደ ላይ ብቻ ነው። ወደ ጎን ለተራመደ ሰው ስም አላወጣንለትም። ግድ ሲሆንብን «ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ» እንላለን፤ እንዲህ ስንልም ሳቅ ያመልጠናል። ሳቁ ግን ንጹሕ ሳቅ አይደለም፤ ውስጡ ንቀት አለበት። «እንደገና ከአንድ ሊጀምር ነው» ማለት በእኛ ዘንድ «ወደቀ» ለማለት ጥቂት የቀረው ነገር ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው መስከረም ወር ቢሮዬ ድረስ የመጣ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙ ይቆይ። በ2001 ዓ.ም. በጂኦግራፊ ተመረቀ። ጂኦግራፊን የመረጠው እርሱ አልነበረም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በሞላው ቅጽ ላይ በአንደኛ ደረጃ ያሰፈረው ሕግን ነበር። ምደባው ሲወጣ ጂኦግራፊ ሆነ፤ ተማረ፣ በጥሩ ውጤት ጨረሰ። ከዚያም በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ከካርታም ከመልክዓ ምድርም የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም። የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃል፣ ውል ያገላብጣል፣ አቤቱታ ተቀብሎ መልስ ያረቅቃል። በሦስተኛው ዓመት፣ ማለትም በ2004 ዓ.ም.፣ እኔ ዘንድ መጣና «የማታ ሕግ ልጀምር አስቤያለሁ፤ ምን ትለኛለህ ዶክተር?» አለኝ።

እኔም፣ በወቅቱ የዶክትሬቱ ቀለም ገና ያልደረቀልኝ ሰው፣ ያለ አንዳች ማመንታት መለስኩለት። «ወደ ኋላ ለምን ትመለሳለህ? አምስት ዓመት በማታ ከምትንከራተት በሁለት ዓመት ማስተርስህን ያዝና ተገላገል» አልኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ምክሬን ሰማ። በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር በአመራር ትምህርት ማስተርሱን ያዘ፤ እናቱ በካባው ላይ አለቀሱ፤ ፎቶግራፉን ለእኔም ላከልኝ።

ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚያው መሥሪያ ቤት አለ። ውል ማርቀቁን ቀጥሏል፤ በሕግ ክፍሉ ውስጥ ግን ቦታ ሊያገኝ አይችልም፤ መደቡ የሚጠይቀው «በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ» ነውና። እርሱ ያረቀቀውን ውል አይቶ የሚፈርመው፣ ሥራውን ራሱ ያለማመደው በሃያዎቹ መጨረሻ የሚገኝ ወጣት የሕግ ምሩቅ ነው። የመጣው ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ጨዋ ሰው ነው። የመጣው ለሁለተኛ ጊዜ ሊጠይቀኝ ነው። «ዶክተር፣ አሁንስ ሕጉን ልጀምር ወይስ ባልደረቦቼ እንደሚሉኝ ፒኤችዲውን ልቀጥል?»

ለመሆኑ በምን ላይ ነው የሚቀጥለው?

የዚህ ጸሐፊ እምነት የሚከተለው ነው። ባልመረጠው የትምህርት መስክ ተመድቦ፣ ተመርቆ፣ በሌላ ሥራ ላይ ሕይወቱን ለመሠረተ ሰው፣ እውነተኛው ከፍተኛ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ እንጂ ማስተርስ አይደለም። ይህን መንገድ የውርደት መንገድ ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን፤ ምደባ የሚያወጣው ክፍል፣ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚጽፈው የሰው ኀይል አስተዳደር፣ ከሁሉም በላይ እኛ መምህራኑ።

ማስተርስ ምን እንደሆነ ካስታወስን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪና የድኅረ ምረቃ ትምህርት እኩል አልተወለዱም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ግን ሩብ ምእተ ዓመት አልፎ በ1970ዎቹ መባቻ ነው። የተከፈተውም አንድን የዕውቀት ዘርፍ ጠንቅቆ የያዘ ሰው በዚያው ዘርፍ ጠልቆ እንዲመራመርና እንዲያስተምር ነው። ማስተርስ ጥልቀት ነው። ጥልቀት ደግሞ የሚቆፈር መሬት ይፈልጋል። የኬሚስትሪ ምሩቅ በባንክ ቆጣሪነት ተቀጥሮ፣ ስለ ሂሳብ መዝገብ አንድም ኮርስ ሳይወስድ፣ በ«ፋይናንስና ኢንቨስትመንት» ማስተርስ ሲይዝ የሚቆፍረው የማንን መሬት ነው? የመጀመሪያው ፎቅ ሳይሠራ ሁለተኛው ፎቅ ተሠርቷል፤ መሰላሉ ደግሞ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተደግፏል።

እርግጥ ነው፣ ያ ሰው በመሠረቱ ላይ እጁ የለበትም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሞላው ቅጽ ላይ ውጤቱና ኮታው ወሰኑለት። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ የሚለው መመሪያ ሲታወጅ፣ አንድ ትውልድ ሙሉ የዝንባሌውን ጉዳይ ለመቶኛ ስሌት አስረክቧል። መሐንዲስ የመሆን ሐሳብ ያልነበራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ተመረቁ፤ አንዳንዶቹን ዛሬ በባንክ መስኮት ታገኟቸዋላችሁ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ቀርቶ አብዛኛው ዲግሪ ሦስት ዓመት ሲሆን ደግሞ፣ ተማሪው ግቢ ገብቶ የትምህርት ክፍሎቹን በዐይኑ አይቶ የሚመርጥባት አንዲት ዓመት እንኳ ጠፋች። ያቺ ዓመት የተመለሰችው በ2012 ዓ.ም. ነው። በመካከል ያለፉት ዐሥራ ስድስት ዓመታት ያፈሯቸው ምሩቃን ሳያዩ የተዳሩ ናቸው።

(ሳያዩ መዳር ሁሌ አይከፋም። እኔ ራሴ ኢኮኖሚክስ ፈልጌ ባልፈለግሁት ክፍል የተመደብሁ ሰው ነኝ፤ በሁለተኛው ዓመት ወደድኩት፣ በእርሱም ማስተርስ፣ በእርሱም ዶክትሬት ሠራሁ። ለዚህ ይመስለኛል በ2004 ዓ.ም. ያንን ምክር የሰጠሁት፤ የእኔ ትዳር ስለ ሰመረ የሁሉም የሚሰምር መሰለኝ። እርሱ ግን ጂኦግራፊን አልወደደም፤ እኔም ወደድከው ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም።)

አሁን ደግሞ የመሥሪያ ቤቶቻችንን ማስታወቂያ እንይ። የተለመደው አጻጻፍ «ሁለተኛ ዲግሪና አራት ዓመት፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና ስድስት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ነው። ሒሳቡን ሥሩት። በሁለት ዓመት የተያዘ ማስተርስ የሁለት ዓመት ልምድ ያህል ይመዝናል። አምስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ታክሲ ተሰልፎ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቤቱ እየገባ የተያዘ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ በዚህ ሚዛን ስንት ይመዝናል? ምንም። ከምንምም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የሚቆጠረው ከአዲሱ ምረቃ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ዐሥር ዓመት ውል ሲያረቅቅ የኖረው ሰው የሕግ ዲግሪውን በያዘ ማግስት «ዜሮ ዓመት» ተብሎ ከልጁ እኩዮች ጋር ይሰለፋል። እንዲህ ያለ ሚዛን ባለበት አገር ሰው ማስተርስ ቢመርጥ ይፈረድበታልን? አይፈረድበትም። የሚፈረደው ሚዛኑን በሠራው ላይ ነው።

ወደ እኛ ወደ መምህራኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ብል ቀሪው ንግግሬ ሁሉ ግብዝነት ይሆናል። የቅዳሜና እሑድ የማስተርስ መርሐ ግብር ለዩኒቨርሲቲዎች የገቢ ምንጭ ነው፤ ለእኛም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። የመምህር ደመወዝ ከወር ወር እንደማያደርስ አንባቢ ያውቃል፤ እኔም በዚያ ክፍያ የቤት ኪራይ ከፍያለሁ። ስለዚህ ከጂኦሎጂ፣ ከእንስሳት ሕክምና፣ ከሥነ ጽሑፍ የመጡ ሠላሳ ጎልማሶች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ «ስልታዊ አመራር» ሲሰሙ፣ ግማሾቹ መሠረታዊውን ነገር እንዳልተማሩ እያወቅሁ በላዩ ላይ ደርቤ አስተምሬያለሁ። የማካካሻ ኮርስ ተብሎ የሚሰጠው በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመጣል። የመጠይቁ ቅጽ ካለፈው ዓመት ተማሪ የተወረሰ ነው፤ የሚለወጠው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። በየኮፒ ቤቱ ደጃፍ «የጥናት ጽሑፍ እናማክራለን» ተብሎ የሚለጠፈው ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ፈታኞቹ ባልደረቦቻችን ናቸው፤ እኛም የእነርሱን ተማሪዎች እንፈትናለን። በእነዚህ ዓመታት በተቀመጥሁባቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማዎች ላይ ወደቀ የተባለ ሰው በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥራለሁ፤ ከእነዚያም ጣቶች ይተርፋሉ።

በሌላ በኩል የመጀመሪያ ዲግሪው ምን ሆነ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የቅድመ ምረቃ ተማሪ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ነበሩ። የሕግ ተማሪዎችማ ከሌሎቹ ቀድመው ሲፈተኑ የቆዩ ናቸው። ለማስተርስ የመግቢያ ፈተና አለ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን መውጫው ላይ የሚጠብቀው የራሳችን ኮሚቴ ነው። እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ ልተው። ያላስተማረው ሰው ያወጣለትን ፈተና አልፎ ሁለተኛ ሙያ የያዘው ይበልጣል ወይስ በጓደኛሞች ጉባኤ ፊት ሃያ ስላይድ አሳይቶ የወጣው? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት አበው ስለ ድኅረ ምረቃ መርሐ ግብራችን የተናገሩ ይመስለኛል።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንደኛው፣ «በማናቸውም የትምህርት መስክ ለተመረቁ ሰዎች ተብለው የተዘጋጁ ማስተርሶች አሉ፤ የቢዝነስ አስተዳደሩ ማስተርስ ለምሳሌ ከጅምሩ የታሰበው ለመሐንዲሱና ለሐኪሙ ነው» የሚል ነው። ትክክል ነው። የታሰበው ግን ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ሲመራ ኖሮ አሁን የሚያስተዳድረውን ነገር በሥርዐት ሊረዳ ለሚፈልግ መሐንዲስና ሐኪም ነው። ምንም ያላስተዳደረ ሰው ማስተዳደርን በማስተርስ ደረጃ ሲማር ስለ ዋና ተምሮ ውኃ እንዳላየ ሰው ነው። ሌላው ተቃውሞ የዕድሜና የገንዘብ ነው፤ ይህ ቀላል አይደለም፣ አላቃልለውም። የማታ ተማሪ ክፍያውን ከኪሱ ነው የሚያወጣው፤ አምስት ዓመት ደግሞ የልጅ ዕድገት ነው። እንዲሁም በተማረው መስክ የሚሠራና መስኩን የሚወድ ሰው፣ ወይም በዩኒቨርሲቲ ማስተማርን የሚሻ ሰው፣ ይህ ሁሉ ንግግሬ አይመለከተውም፤ ለእርሱ ማስተርሱ ግዴታው ነው፤ በቶሎ ይያዘው። እኔ የምናገረው በእጁ ያለው ዲግሪ የሰው ዕቃ ስለሆነበት፣ በአገራችን ግን ቁጥሩ እጅግ ብዙ ስለሆነው ሰው ነው።

አምስቱን ዓመት አምስት ያደረገው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም። ያ የጂኦግራፊ ምሩቅ ነገ የማታ ሕግ ቢመዘገብ፣ የእንግሊዝኛ መግባቢያ፣ ሎጂክ፣ የሥነ ዜጋ ኮርሶችን እንደገና ውሰድ ሊባል ይችላል፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ «ኤ» ሆነው ተጽፈው እያሉ! ባየኋቸው ሬጅስትራሮች ዘንድ አንድን የጋራ ኮርስ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ለማስቆጠር የሚያስፈልገው ደብዳቤና ምልልስ ኮርሱን ደግሞ ከመማር አይተናነስም። እንደ አዲስ ገቢ ልጅ እንቆጥረዋለን፤ እንደ አዲስ ገቢ ልጅ እናስከፍለዋለን።

ይህ ደግሞ የማይቻል ሆኖ አይደለም። እኔ ለዚያ ልጅ «ወደ ኋላ አትመለስ» ባልሁበት በዚያው በ2004 ዓ.ም.፣ የካቲት ወር ላይ፣ መንግሥት በአሥራ ሦስት ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ጀመረ። የተቀበላቸው ተማሪዎች እነማን ነበሩ? በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ዘርፎች የመጀመሪያ ዲግሪ የነበራቸው ሰዎች። የባዮሎጂ ምሩቁ፣ ነርሷ፣ የጤና መኮንኑ እንደገና ለመጀመሪያ ደረጃ የሙያ ትምህርት ገቡ፤ ቀድሞ የተማሩት ታስቦላቸው ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሐኪም እንዲሆኑ ተደረገ። ማንም «ወደ ኋላ ተመለሱ» አላላቸውም። ስለ ጥራቱ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው፣ አገር ሐኪም ሲቸግራት ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪን አክብራ ሥርዐት ማበጀት ከቻለች፣ ለሕግም፣ ለሂሳብ አያያዝም፣ ለኮምፒውተር ሳይንስም የማታበጅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ወንበር የለም እንዳይባል ወንበር አለ። ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ገንብተናል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለፊያውን ያገኙት ግን በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የማካካሻ ትምህርት የሚከታተሉት ተጨምረው እንኳ፣ በሺዎች ተሰልፎ ይገባ ለነበረ ተማሪ የተሠሩ አዳራሾች ዛሬ ቀዝቅዘዋል፤ የትምህርት ክፍሎች ተማሪ አጥተው መምህራን ያለ ክፍለ ጊዜ የሚውሉበት ዘመን ላይ ነን። በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ የሚፈልገውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ከፍሎ የሚማር ሰው ማስቀመጥ እንደ ምን ያስነውራል? በማስተማር ሕይወቴ እንደ እነዚህ ሰዎች የሚያዳምጠኝ ተማሪ አላገኘሁም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይለኛል። የሠላሳ አምስት ዓመቱ ሰው «ይህማ ባለፈው ማክሰኞ ቢሯችን ውስጥ ደረሰ» ይለኛል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስና ላብቃ። ያን ዕለት ቢሮዬ ውስጥ አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። ደነገጠ፤ «ኧረ ዶክተር፣ ምን ማለትህ ነው» አለ። ከዚያ፣ «ፒኤችዲ የሚሉህን ባልደረቦችህን አትስማ፤ ሕጉን ጀምር» አልሁት። «አርባ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው የምጨርሰው» አለኝ። «አርባ ሦስትማ ብትማርም ባትማርም ይመጣል» ብዬ ልመልስለት ፈልጌ ተውሁት፤ አንዴ አፌን ከፍቼ ያደረግሁትን አውቃለሁና። ይልቅ ወረቀት አወጣንና የማታውን ክፍያ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የሚስቱን ሥራ፣ ሁሉን አንድ ባንድ ጽፈን ደመርን። ሁለት ጊዜ ደመርነው። ይቀጥናል እንጂ አይበጠስም። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ይዞ ሄደ።

በሳምንቱ ደወለ። ሬጅስትራሩ የመጀመሪያ ዲግሪውንም ማስተርሱንም አይቶ፣ «እነዚህ ይቆዩ፤ የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትህን ኦሪጅናሉን አምጣ» እንዳለው ነገረኝ። ወረቀቱ ደብረ ብርሃን እናቱ ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ሊያመጣው ይሄዳል።